እንጨቱን ተዉትና ልኩን ንገሩኝ

ጊታር ነካ ነካ የሚያደርግ ሰው ሁሉ ይህን ተረት ያውቀዋል። የኩዊኑ ጊታሪስት ብራያን ሜይ የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ፌንደር ስትራቶካስተር አማረው። ቤት ውስጥ መግዣ የለም። ስለዚህ በ1963 (የውጭዎቹን ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ለንደን ዳር ፌልተም በሚባል ሰፈር፣ ከአባቱ ከሃሮልድ ጋር ሆኖ የራሱን ጊታር መሥራት ጀመረ። አንገቱ ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ የምድጃ መደርደሪያ ማሆጋኒ ወጣ። ገላው ውስጥ የአሮጌ ጠረጴዛ ኦክ አለ። የትሬሞሎው ሞላዎች የአሮጌ ሞተር ሳይክል ቫልቭ ሞላዎች ናቸው። እጀታው ከብስክሌት ቦርሳ መያዣ፣ የእጀታው ጫፍ ከእናቱ የሹራብ መሥሪያ፣ አንገቱ ላይ የሚያበሩት ነጫጭ ነጥቦች ደግሞ እናቱ ስፌት ሣጥን ውስጥ ከነበሩ የዛጎል ቁልፎች። ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። ጠቅላላ ወጪው 8 ፓውንድ ነው ይባላል። ልጁ አድጎ በዚያው ጊታር ስታዲየም ሞላ፤ በ2002 ደግሞ ቤኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ቆሞ የአገሩን ብሔራዊ መዝሙር ተጫወተበት።

ደስ ይላል አይደል? ውሸት የለበትም፤ የተዘረዘረው ሁሉ የሆነ ነገር ነው። የእኔ ጠብ ከአተራረኩ ጋር ነው። ተረቱ በተነገረ ቁጥር የሚደምቀው የዕቃው ዝርዝር ነው፦ ምድጃ፣ ብስክሌት፣ ሹራብ፣ ቁልፍ። ሰሚው አፉን ይከፍታል፤ ተራኪው ይረካል። ጊታሩ ግን እንዴት እንደተሠራ ማንም አልተናገረም።

እስቲ ይህን ዝርዝር ይዛችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱ። የመኪና ጎማ በረባሶ በሚሆንበት፣ በርሜል ተቀዶ ምድጃ በሚሆንበት፣ የዘይት ጣሳ ኩራዝ በሚሆንበት ቦታ ቆማችሁ «አንድ ፈረንጅ የሞተር ሳይክል ሞላ ለሌላ ነገር ተጠቀመበት» ብትሉ፣ የሚመለስላችሁ አንድ ቃል ነው፦ «እና?» ቆራሌው ጠዋት ጠዋት በየሰፈሩ እየዞረ የሚጮኸው እኮ የተጣለ ነገር ስለሌለን ነው። ክራር የሚሠራውም ሰው ሆዱን ከእንጨት ገበቴ ያወጣል፤ ገበቴ ካጣ የብረት ሳህን ይሆናል፤ በጅማት ፈንታ ናይለን ይወጥራል፤ ስለዚህ ግን መጽሐፍ ይጻፍልኝ አይልም። ከወዳደቀ ዕቃ መሥራት ለእኛ ተራ ነገር ነው። ስለዚህ ይህን ተረት ስናነብ ከእንግሊዙ አንባቢ የተለየ ቦታ ላይ ብንገረም አይፈረድብንም።

እኔን የገረመኝ ቦታ የነቀዙ ነው። ያ የምድጃ እንጨት ነቀዝ በልቶት ቀዳዳ ቀዳዳ ነበረው። ቀዳዳዎቹን በክብሪት እንጨት ሞሏቸው። አንድ በአንድ። ጊታር ጠግኖ የሚያውቅ ሰው ይህ ስንት ምሽት እንደሚበላ ይገባዋል።

በ2014 ሜይ ከሳይመን ብራድሊ ጋር ሆኖ ስለዚሁ ጊታር አንድ ሙሉ መጽሐፍ አውጥቷል። የድሮ ንድፎች፣ ማስታወሻዎች፣ የጊታሩ የቅርብ ፎቶዎች፣ የኤክስሬይ ምስል ሳይቀር አለበት። ንዋየ ቅድሳት እንደሚነካ ሰው ጊታሩን እየዳሰሰ የሚሄድባቸው ቦታዎች አሉ፤ እነሱን ቶሎ ቶሎ አልፋቸዋለሁ። ኤክስሬዩን ግን በደንብ አያለሁ። ኤክስሬይ እንጨቱ ከማን ቤት እንደመጣ አይናገርም። እናት፣ ምድጃ፣ ትዝታ አያውቅም። የቱ ጋ ባዶ እንደሆነ፣ የቱ ጋ ድፍን እንደሆነ፣ ሽቦው በየት በኩል እንደሄደ፣ ብረቱ የት እንደተቀመጠ ነው የሚያሳየው። እዚያ ምስል ላይ ጊታሩ ተረት መሆኑን ትቶ ሥራ ይሆናል። መጽሐፉ ሁሉ እንደዚያ ገጽ ቢሆን እመኝ ነበር።

እንጨት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዚህ ሙያ ትልቁ እምነት እሱ ስለሆነ። ቅዳሜና እሁድ የጓደኛም የጓደኛ ጓደኛም ጊታር እጠግናለሁ። ከሚመጡልኝ ጊታሮች ግማሹ የሚመጣው «እንጨቱ ርካሽ ስለሆነ ድምፁ አያምርም» ተብሎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱ ምንም አላለም። አንገቱ ራስ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ነት የሚባለው ትንሽ አጥንት (ወይም ፕላስቲክ) ቦዮቹ በደንብ አልተሞረዱም። ክሩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ መጀመሪያው ፍሬት ላይ ስትጫኑት ከሚገባው በላይ ይወጠርና ድምፁ ይሾላል። ስለዚህ ክፍት ክሮቹ ልክ ሆነው ኮርዱ ይጎረብጣል፤ ባለቤቱም ጆሮውን ወይም እንጨቱን ይጠራጠራል። ቀጭን ሞረድ፣ ግማሽ ሰዓት፣ በየመሃሉ ቆም ብሎ መለካት፤ በቃ። ያ «ርካሽ እንጨት» በማግሥቱ ይዘፍናል። (ከጥቅምት በኋላ ደግሞ ሌላ አቤቱታ ይመጣል፦ «ፍሬቱ እጄን ይቧጭረኛል።» አየሩ ሲደርቅ የጣት ሰሌዳው እንጨት ይጠባል፣ ብረቱ አይጠብም፤ ጫፉ ወጣ ይላል። ይኸው ነው። አጋንንት የለበትም።)

ይህን የሚያውቁ ሰዎች እኮ ከድሮም ነበሩ። የዛሬው ክላሲካል ጊታር አባት የሚባለው ስፔናዊው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ በ1862 ጎኑና ጀርባው ከካርቶን የሆነ ጊታር ሠርቶ ነበር፤ ድምፁን የሚወስነው የፊቱ ሰሌዳ ነው የሚለውን ለማሳየት። በ1995 ቦብ ቴይለር ከዕቃ መጫኛ ፓሌት እንጨት ጊታር ሠርቶ ለባለሙያዎች አሳየ። በ2018 ደግሞ የእንግሊዙ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጀርባና የጎን እንጨታቸው ብቻ የሚለያይ ስድስት ጊታሮች አሠርተው ለ52 ጊታሪስቶች ሰጡ፤ ተጫዋቾቹ የበየዳ መነጽር አድርገው፣ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ቁጭ ብለው ነው የሞከሩት። ውዱን ከርካሹ በድምፅ መለየት አልቻሉም ለማለት ይቻላል። ጥናቱ የአኮስቲክ ጊታር ጀርባና ጎን ላይ ነው፤ የፊቱን ሰሌዳም ሆነ ኤሌክትሪክ ጊታርን አይመለከትም። ቢሆንም ስለ እንጨት የምናወራውን ያህል የምንሰማ አለመሆናችንን ለማወቅ ይበቃል።

እንግዲህ እንጨቱ ካልሆነ ምንድን ነው? ልክ ነው። ልክ ስል ሚሊሜትር ማለቴ ነው።

አንገት ላይ ተጋድመው የምታዩአቸው ፍሬቶች እንዲሁ በዓይን ግምት አይደረደሩም። ክሩ ከነት እስከ ብሪጅ ያለውን ርዝመት ትወስዳላችሁ፤ ለ17.817 ታካፍላላችሁ፤ የመጀመሪያው ፍሬት ከነት የሚርቀው ያን ያህል ነው። የቀረውን ርዝመት እንደገና ለ17.817፤ ሁለተኛው ተገኘ። እንዲህ እያላችሁ ስትወርዱ 12ኛው ፍሬት ልክ ግማሹ ላይ ያርፋል። የሜይ ጊታር የክር ርዝመት 24 ኢንች ነው፤ ወደ 610 ሚሊሜትር። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍሬት 34.2 ሚሊሜትር ላይ፣ ሁለተኛው ከእሱ 32.3 ርቆ፣ እያለ እስከ 24ኛው። እያንዳንዱ ከቀደመው ይጠባል። አሁን በአንድ ሚሊሜትር ብትስቱስ? ሙዚቀኞች ግማሽ ድምፅን መቶ ቦታ ከፍለው «ሴንት» ይሉታል። መጀመሪያው ፍሬት ላይ አንድ ሚሊሜትር ሦስት ሴንት ገደማ ያስታል፤ ብዙ ጆሮ ያልፈዋል። 24ኛው ላይ ግን የቀረው ክር 152 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ያቺው አንድ ሚሊሜትር ከ11 ሴንት በላይ ትሆናለች። ይህ ይሰማል። ሶሎ እየተጫወተ ወደ ላይ የወጣ ሰው እዚያች ነጥብ ላይ በደረሰ ቁጥር ይሸማቀቃል።

ክራር ላይ ይህ ጣጣ የለም። ክራር ፍሬት የለውም፤ ተጫዋቹ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን ክር ለሚጫወተው ቅኝት ይቃኛል፤ ትዝታ ከሆነ ለትዝታ፣ ባቲ ከሆነ ለባቲ። ጆሮው ዛሬ ያለውን ዛሬ ያደርጋል። ጊታር ሠሪ ግን የማያውቀውን ሰው ጆሮ ወክሎ አንዴ ይወስናል፤ ውሳኔውን መጋዝ ይዞ እንጨት ላይ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ይቅርታ የለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ መኖሪያ ቤት ውስጥ፣ በአብዛኛው በእጅ መሣሪያ፣ 24 ጊዜ ይህን ውሳኔ ቆርጦ ስታዲየም የሚያዘልቅ አንገት ማውጣት ነው ተአምሩ። የምድጃው እንጨት ከገበያ የተገዛ ቢሆን ኖሮ አንዲት ነገር አይለወጥም ነበር። ፍሬቶቹ ሁለት ሚሊሜትር ቢስቱ ኖሮ ግን ምድጃውን ማን ያስታውሰው ነበር?

ታዲያ ያ ልክ ከየት መጣ? እዚህ ጋ ነው ተረቱ የሚሸውደን። «ገንዘብ ስላልነበራቸው» ይላል። ችግር በቅቤ ያስበላል የሚለውን የእኛን ተረት አብረን ብንጨምርበት ያው ይሆናል፦ ድህነት ራሱ አናጢ ሆነ። ሃሮልድ ሜይ ግን በአቪዬሽን ሚኒስቴር ንድፍ ሠሪ ነበር። ሥራው ልክ ማውጣት ነው። የቤቱን ቴሌቪዥን በእጁ የገጣጠመ ሰው ነው፤ ከልጁ ጋር ቴሌስኮፕ ሠርቷል፤ ዩኩሌሌ ባንጆም ይጫወት ነበር። ያጡት ገንዘብ ነው። ዕውቀት፣ መሣሪያ፣ ለሥራ የሚሆን ክፍል፣ ምሽት፤ እነዚህ ሁሉ ነበሩ። ጊታር የሚሠራው ድህነት ቢሆን ኖሮ ምናለሽ ተራ የዓለም የጊታር ዋና ከተማ በሆነች ነበር።

ይህን በዋዛ አልልም። ይህ ታሪክ እኛ ጋ ሲደርስ የማነቃቂያ ንግግር ሆኖ ነው የሚደርሰው። «ከባዶ ተነሥቶ፣ በ8 ፓውንድ፣ አንተስ ምን ጎደለህ?» ልጁ ያን ሰምቶ ከአሮጌ ሳንቃ ጊታር ይጀምራል። የብረት ማስመሪያ የለውም፤ እንጨት ጠፍሮ የሚይዝ ሞርሳ የለውም፤ ጠርቶ «እዚህ ጋ ምን ላድርግ» የሚለው ሰው የለውም። ሳንቃው ይጣመማል፣ ፍሬቱ ይዛባል። ያኔ ከታሪኩ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እኔ ጽናት የለኝም፣ ተሰጥኦ የለኝም።» የጎደለው ግን ሞርሳ ነበር። ተረቱ ሞርሳውን ስለደበቀበት ራሱን ጥፋተኛ አደረገ። ለዚህ ነው ስለ እንጨቱ ብቻ ሲወራ ደስ የማይለኝ።

የዕቃው ዝርዝር ሌላም ሰው ይደብቃል። እናትየው ታሪኩ ውስጥ የምትገባው በቁልፍና በሹራብ መሥሪያ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቷ ውስጥ መጋዝና ሙጫ የተሸከመች ሴት ናት እኮ። ሣጥኗ ተጠቅሷል፤ እሷ አልተጠቀሰችም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ወደ ፒክአፑ። ፒክአፕ ማለት ከክሩ ሥር የሚቀመጥ፣ ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው እሱ ነው። ልጅ ብራያን ይህንንም ራሱ ሠርቶ ነበር። ማግኔት ገዛ፣ ሽቦ ጠመጠመ። ድምፅም ሰጠው። ግን ክሩን ወደ ጎን ስቦ ድምፁን ማጠፍ ሲሞክር እንግዳ የሆነ ሹክሹክታ ገባበት። ምክንያቱ የማግኔቶቹ አቀማመጥ ነው፦ ሰሜንና ደቡብ እያፈራረቀ ደርድሯቸው ስለነበር፣ ክሩ ወደ ጎን ሲሄድ ከአንዱ ዋልታ ወደ ተቃራኒው ይሻገራል። ምን አደረገ? በርንስ የሚባለውን ኩባንያ ሦስት ፒክአፖች ገዝቶ ገጠመ። ከዚያ እንዳያፏጩ ውስጣቸውን በአራልዳይት ሙጫ ሞላቸው።

«ሁሉም በእጅ የተሠራ» የሚለው ተረት ይህን ቦታ ጎርበጥ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ለእኔ ግን የታሪኩ አናት ነው። የድምፁን ዋና በር ከሱቅ ገዛ! ግን የተገዛውን ነገር እንደገዛው አልተወውም። ሙጫ ሞላበት፤ ሽቦውን በራሱ መንገድ ቀጠለ፤ ለእያንዳንዱ ፒክአፕ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ለእያንዳንዱ ደግሞ ፌዙን የሚገለብጥ ሌላ ማብሪያ አደረገለት። ሁለት ፒክአፖች በተቃራኒ ፌዝ ሲሠሩ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋና ቀጭን፣ በአፍንጫ የሚዘፍን የሚመስል ድምፅ ይቀራል። ብዙ ሰው «ያ የኩዊን ድምፅ» የሚለው ከዚያ ከማብሪያዎቹ ድርድር የመጣ ነው። የት ላይ በእጅ መሥራት፣ የት ላይ መግዛት፣ የገዙትን እንዴት የራስ ማድረግ፤ ጥሩ አማተር ከመጥፎ አማተር የሚለየው እዚህ ነው። ሁሉን ካልሠራሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ምንም አይጨርስም። አይቻለሁ፤ ግማሽ ጊታሮች ቁም ሣጥን ላይ ተኝተው።

የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ጆን ዲከንም እንደዚሁ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ መንገድ ዳር ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ያገኘውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ትንሽ የመደርደሪያ ስፒከር ውስጥ ገጥሞ አምፕሊፋየር አደረገው፤ ሜይ ለዓመታት ስቱዲዮ ውስጥ ተጠቅሞበታል። እዚህም የሚወራው ቆሻሻ መጣያው ነው። ዲከን ኤሌክትሮኒክስ በዲግሪ የተማረ ሰው መሆኑ ከታች በትንንሽ ፊደል ይቀመጣል።

ከሜይ ጎን ሁሌ የሚነሳው የኤዲ ቫን ሄለን ጊታር ነው፤ «ፍራንከንስታይን» ይሉታል። እሱ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ጉድለት ያለበትን ገላ በ50 ዶላር ገደማ፣ አንገት በ80 ዶላር ገደማ ገዛ፤ ከጊብሰን ጊታር ያወጣውን ፒክአፕ እንዳያፏጭ ሰም ውስጥ ነክሮ እንጨቱን ቦርቡሮ ከተተው። ቀለሙን ፕላስተር ለጥፎ ነፋበት። አናጢ ቢያየው ያለቅሳል። ሜይና አባቱ አስልተው የሠሩትን እሱ እየሰበረ፣ እያዳመጠ፣ እንደገና እየሰበረ ደረሰበት። የሁለቱ የአሠራር ልዩነት ላይ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ እኔን የሚያናድደኝ ግን በኋላ የሆነው ነው። በ2007 ፌንደር የዚያን ጊታር 300 ቅጂዎች አውጥቶ አንዱን በ25,000 ዶላር ሸጠ። ጭረቱ፣ የሲጋራ ቃጠሎው፣ ዝገቱ፣ ሁሉ በጥንቃቄ ተቀድቶ። አስቡት፤ አንድ ልጅ ገንዘብ ስላጠረው የሠራውን ነገር ጠባሳ በሃብታም ዋጋ መግዛት። ከእንጨቱ ጀምሮ የመጣው አምልኮ መጨረሻው ይሄ ነው።

መቅዳት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አውስትራሊያዊው ጊታር ሠሪ ግሬግ ፍራየር የሜይን ጊታር ቀርቦ ለክቶ ሦስት ቅጂዎች ሠራ፤ ከዚያ በኋላ በ1998 ዋናውን ጊታር ራሱን ጠገነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። አንድን ነገር ለመጠገን መጀመሪያ መሥራት ቻለ። ጭረት አልቀዳም፤ ልክ ነው የቀዳው።

አሁን የቤታችንን ጉዳይ ላንሳ። እንግሊዝ አገር አባትና ልጅ መጋዝ ይዘው ሲታዩ ደስ የሚል ፎቶ ይሆናል። እኛ ጋ እጅ ለረጅም ዘመን ሲሰደብ የኖረ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ሸማ የሚሠራው ሁሉ ስድብ ተሰጥቶታል፤ «ጠይብ» ብልኅ ማለት መሆኑ ቀርቶ «ቡዳ» ማለት ሆኗል። ማሲንቆ ይዞ የሚዘፍነውም «አዝማሪ» ሲባል ስሙ ከሙያ ይልቅ ስድብ ነበር። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ ዐፄ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ስድብ በአዋጅ አይጠፋም። ጊታር የሚሠራ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ስድብ በአንድ ጊዜ ነው የሚሸከመው፦ እንጨት ፋቂም ነው፣ የዘፋኝ ወዳጅም ነው። ያደጉ ሰዎች ሞረድ ይዤ ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ምን መሰላችሁ? «ሥራ አጣህ እንዴ?»

ቃላችንም አይረዳንም። «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» እንላለን። ማሳለፊያ! ጊዜው እንዲያልፍ የሚደረግ ነገር፤ እንደ ካርታ ጨዋታ። ትርፍ ደግሞ የተረፈ ማለት ነው፤ ነጋዴ ጋ ሲሄድ ግን ያው ቃል ጥቅም ማለት ይሆናል። ሃሮልድ ሜይ ለልጁ የሰጠው ትርፍ ጊዜ በየትኛው ፍቺ ነው? (የመሣሪያው ስም ሁሉ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ከጣሊያን የቀረ ነው፦ ሞላ፣ ብሎን፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ። ጊታር ስጠግን የመኪና ሜካኒክ ቋንቋ ነው የማወራው። አይከፋም፤ ቢያንስ የሚያስተምረኝ ሰው ቋንቋ ነው።)

ስለ አባትየው የምናነበው ሌላ ነገርም አለ፤ ተረቱን ከሚያሳምሩት ሰዎች ብዙዎቹ የሚዘሉት። ልጁ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ገብቶ ፊዚክስ ተማረ፤ በፀሐይ ዙሪያ ስላለው የጠፈር አቧራ የዶክትሬት ጥናት ጀመረ። ከዚያ ባንዱ ሲይዝለት ጥናቱን ጥሎ ወጣ። አባቱ ከፋው። በጣም። ጊታሩን አብሮት የሠራው፣ ምሽቶቹን የሰጠው ያው ሰው። ይህን የኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ድምፁን ጭምር እንሰማዋለን። ተጫወትበት፣ ሥራው፣ ፍታው፣ ግጠመው፤ ኑሮህ ግን አይሁን።

ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ታርቀው ያሳዩናል። ሜይ ወላጆቹን በኮንኮርድ አሳፍሮ ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ወስዷቸው አባቱ ነገሩ ገባው ይላሉ። ይሁን። ዶክትሬቱንም ሜይ በ2007 ተመልሶ ጨረሰ፤ አባቱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ። ለእኔ ግን የእርቁ ቦታ ከክርክሩ ያነሰ ነው። ሃሮልድ የተሳሳተ አይመስለኝም። እሱ ልጁን ያስተማረው ሙዚቃ ብቻ አልነበረም፤ ማስመሪያ አያያዝ ነው፣ ሞላ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ማስላት ነው፣ የነቀዝ ቀዳዳ ሳይሞሉ ቀለም አለመቀባት ነው። ከዚያ ትምህርት ሳይንቲስት ይወጣል ብሎ ጠበቀ። ሳይንቲስትም ጊታሪስትም ወጣ፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ እሱ ባሰበው አልሆነም።

መጽሐፉን ስዘጋ የቀረብኝ ስለ ክፍሉ ነው። ልጁ ጊታሩን ይዞ ወጣ። ጠረጴዛው፣ ሞርሳው፣ የተረፈው ማሆጋኒ እዚያው ቀሩ። አባትየው ያን ምሽት ገብቶ ምን መሥራት ጀመረ? ስለዚህ ማንም ተረት አይነግረኝም።